እናቴ ያለችበት ነርሲንግ ሆም በሩን ዘጋብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄው በአጭሩ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የ82 ዓመት እናቴ የመርሳት በሽታ ስላለባት ከሁለት ዓመት ወዲህ ነርሲንግ ሆም ናት። እንግሊዝኛ ድሮም ትንሽ ነበራት፤ አሁን ጨርሶ ጠፍቶባታል። ሁልጊዜ ከሥራ ስወጣ ሄጄ እራቷን የማጎርሳት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት በፎቋ ላይ አምስት ሰው ኮቪድ ተገኘበት ተብሎ ‹ለሁለት ሳምንት ጠያቂ አይገባም፤ በመስኮት ታይያታለሽ› አሉኝ። ባለፈው ወር 118 ፓውንድ ነበረች፤ ትናንት 111 ናት ብለውኛል። እኅቶቼ ከአዲስ አበባ እየደወሉ ያለቅሳሉ። መብቴ እስከምን ድረስ ነው? ደግሞስ ገብቼ በሽታውን እኔው ባስገባባትስ?»

እህቴ፣ ሁለቱን ጥያቄ አንድ ላይ ማንሳትዎ ደስ ብሎኛል። ወደ እኔ የሚመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ አንዱን ብቻ ይዞ ነው፤ ወይ «መብቴ ነው» ብሎ በር ይደበድባል፣ ወይ «እኔው ልግደላት እንዴ» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። ነርስ ነኝ። ነርሲንግ ሆም ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ሥራዬ የኢንፌክሽን ቁጥጥር ነው። ስለዚህ ቀድሜ ልናዘዝ፦ በ2020 በር ላይ ቆሞ እንደ እርስዎ ያለውን ሰው ይመልስ ከነበሩት አንዱ እኔ ነኝ።

ከመብቱ ልጀምር። ቤቱ ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የሚባሉትን የመንግሥት የጤና መድኖች የሚቀበል ከሆነ (የማይቀበል ማግኘት ይከብዳል) በራሱ ሥልጣን «ለሁለት ሳምንት ጠያቂ የለም» ማለት አይችልም። የፌዴራሉ ደንብ ነዋሪው የፈለገውን ሰው፣ በፈለገው ሰዓት የመቀበል መብት አለው ይላል። ለቤተሰብ ሲሆን ቃሉ ይጠነክራል፤ ወዲያውኑ ይግባ ነው የሚለው። ይህን መብት የሚገድበው የነዋሪው የራሱ ፈቃድ ነው፤ «አልፈልግም» ካሉ ያበቃል። ሥሩ የ1987ቱ የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ ነው፤ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም።

ይህ መብት በኮቪድ ጊዜ ታግዶ ነበር፤ አሁን የሚያምታታውም እሱ ይመስለኛል። ሜዲኬርንና ሜዲኬይድን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ሲኤምኤስ የሚባለው፣ ማርች 13 ቀን 2020 ሊሞት የተቃረበን ሰው ከመሰናበት ላሉ ጉዳዮች ካልሆነ በቀር ጠያቂ ሁሉ ይቁም አለ። ቆመ። ከዚያ በየጊዜው እየላላ መጥቶ ኖቬምበር 12 ቀን 2021 ተነሣ፦ ጠያቂ ለሁሉም ነዋሪ፣ ሁልጊዜ ይፈቀድ፤ በቀጠሮ ብቻ ማለት፣ ሰዓት መቁጠር፣ «ሁለት ሰው ብቻ» ማለት ቀረ። በቤቱ ውስጥ በሽታ ቢዛመት እንኳ ለጠያቂው አደጋው ይነገረዋል፣ ማስክ ያደርጋል፣ ጉብኝቱ በነዋሪው ክፍል ይሆናል፤ በሩ ግን አይዘጋም።

ሁለት ነገር ይለዩልኝ። አንደኛ፣ የስቴቱ ወይም የካውንቲው ጤና ቢሮ ለየት ያለ ትእዛዝ ሊያወጣ ይችላል። «ጤና ቢሮ ነው ያዘዘን» ካሉዎት ወረቀቱን ያሳዩኝ ይበሉ። ካለ ያሳያሉ። ብዙ ጊዜ ግን ጤና ቢሮው ምክር ነው የሰጠው፤ ምክሩ ከቢሮ ወጥቶ ፍሮንት ዴስክ እስኪደርስ ትእዛዝ ይሆናል። ሁለተኛ፣ እናትዎ ያሉበት በእርግጥ ነርሲንግ ሆም ነው ወይስ አሲስትድ ሊቪንግ (ሰው በዕለት ኑሮው እየተረዳ የሚኖርበት ቤት)? እኛ ሀበሾች ሁሉንም «ነርሲንግ ሆም» እንላለን። አሲስትድ ሊቪንግ የሚተዳደረው በስቴት ሕግ ስለሆነ እስከ አሁን ያልኩት የፌዴራል ደንብ እዚያ አይሠራም። ሲገቡ የፈረሙት ውል ላይ ተጽፏል፤ ዛሬ ማታ ያውጡትና ይዩት።

አሁን ወደ ነገ ጠዋት። ፍሮንት ዴስክ ከተቀመጠችው ልጅ ጋር አይጨቃጨቁ፤ እሷ የተባለችውን ነው የምትለው። ኢሜይል ይጻፉ፤ ለአድሚኒስትሬተሩና ለነርሶች ኃላፊዋ፣ ለሁለቱም በአንድ ላይ። አጭር ይሁን፦ እናቴ በአንድ ወር ውስጥ 7 ፓውንድ ቀንሳለች፤ እራቷን የምትበላው እኔ ሳጎርሳት ነው፤ ከነገ ጀምሮ በእራት ሰዓት የምትጠይቁኝን መከላከያ ሁሉ አድርጌ እገባለሁ፤ አይሆንም ካላችሁ የሚከለክለኝን ደንብ ወይም ትእዛዝ በጽሑፍ ላኩልኝ። ይኸው ነው። ስድብ የለ፣ ለቅሶ የለ፣ «ጠበቃ አለኝ» የለ። ኃላፊ ሆኜ እንዲህ ያለ ኢሜይል ሲደርሰኝ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ሌላው ሁሉ ይቀራል፤ እሱን ነው የማነበው።

ምክንያቱ ቁጥሩ ነው። ከ118 ወደ 111 መውረድ ወደ 6 ከመቶ ይጠጋል። በእኛ ሥራ በ30 ቀን ውስጥ 5 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ መቀነስ ቀይ መብራት ነው፤ ለሐኪሙና ለቤተሰብ ይነገራል፣ የምግብ ባለሙያዋ ታያለች፣ እቅዱ ይከለሳል። (መጀመሪያ ግን በዚያው ሚዛን እንደገና ይመዝኑልኝ ይበሉ። ዊልቸሩን ሳይቀንሱ መዝነው፣ በሚቀጥለው ወር ቀንሰው፣ «ታካሚው ከሳ» ብለን የተሯሯጥንበት ጊዜ አለ።) ደግሞ አንድ ነገር ያስታውሱ፦ ሴፕቴምበር 17 ቀን 2020፣ ገና ክትባት ሳይመጣ፣ ሲኤምኤስ ራሱ ቤተሰብ መግባት ያለበትን ጊዜ በምሳሌ ዘርዝሮ ነበር። ከምሳሌዎቹ አንዱ በፊት ቤተሰብ አጠገቡ ሆኖ እያበረታታው ይበላ የነበረ፣ አሁን ግን ክብደቱ እየቀነሰ ያለ ነዋሪ ነው። የእናትዎ ጉዳይ ፎቶው ነው። በዚያ በጨለማው ጊዜ የተፈቀደ ነገር ዛሬ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ቤቱ ደግሞ ትንሽ ልከራከር፤ ክፋት ብቻ አይምሰልዎት። በፌብሩዋሪ 2020 መጨረሻ ከሲያትል አጠገብ በከርክላንድ ከተማ ባለ አንድ ነርሲንግ ሆም በሽታው ሲገባ፣ እስከ ማርች 18 ከቤቱ ጋር የተያያዙ 167 ሰዎች ተገኙ፦ 101 ነዋሪ፣ 50 ሠራተኛ፣ 16 ጠያቂ። በሁለት ዓመት ውስጥ በመላ አሜሪካ በእንዲህ ያሉ መንከባከቢያዎች ከ200,000 በላይ ነዋሪና ሠራተኛ አለቀ። ያንን ያየ አድሚኒስትሬተር አምስት ሰው ታመመ ሲባል እጁ ወደ ቁልፉ ነው የሚሄደው።

ግን ያችኑ ቁጥር ደግመው ይዩአት። ሠራተኛው 50፣ ጠያቂው 16። በር ከዘጋን በኋላም በሽታው ይገባ ነበር፤ ያስገባነው እኛ ነን። ከመሐላችን ጠዋት አንድ ቤት፣ ማታ ሌላ ቤት የሚሠራው ስንቱ ነው? የቤት ኪራዩ፣ ለአገር ቤት የሚላከው ገንዘብ፣ ያውቁታል። ስምንት ሰው የሚያጥብና የሚያበላ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲዘዋወር ይውላል። እርስዎ ደግሞ ገብተው አንድ ሰው ነክተው ይወጣሉ። ማን የበለጠ ያዛምታል?

ኤፕሪል 2020 ላይ አንዲት ሴት ከበር መለስኩ። አሜሪካዊት ናቸው፣ ሰባዎቹ ውስጥ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ መጥተው ባላቸውን ምሳ ያበሉ ነበር። በትንሽ ፕላስቲክ የተፈጨ ፒር ይዘው ነበር፤ «ይህን ብቻ ስጡልኝ፣ ቀዝቀዝ ሲል ነው የሚወደው» አሉኝ። ተቀብዬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሦስት ሠራተኛ የቀረበት ቀን ነበር፤ ማን ያጉርሳቸው? በማግስቱ ፍሪጁን ስከፍት እዚያው ነበር። ሰውየውን ኮቪድ አልያዛቸውም። በጁላይ 19 ፓውንድ ከስተው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ «ጠያቂ» የሚለውን ቃል ስሰማ ይከነክነኛል፤ እኚያ ሴት ጠያቂ አልነበሩም፣ ምሳው ራሱ ነበሩ።

ይህን ያየነው እኛ ብቻ አይደለንም። የኮነቲከትን ነርሲንግ ሆሞች መዝገብ ያጠኑ ሰዎች በዚያ ጊዜ የክብደት መቀነስና ድብርት መጨመሩን አሳይተዋል። ሆላንድ ማርች 20 ቀን 2020 በመላ አገሪቱ ጠያቂን ከልክላ ነበር። ሜይ 11 ላይ ግን 26 ቤቶችን መርጣ ለሙከራ ከፈተች፦ በየነዋሪው አንድ ሰው፣ ከመመሪያ ጋር። በተከታተሉበት ጊዜ አዲስ የተያዘ ሰው አልተመዘገበም። እዚህም ኢንዲያናና ሚኒሶታ በዚያው በጋ ዋና የቤተሰብ ተንከባካቢ የሚባል መደብ አውጥተው ያን ሰው ማስገባት ጀመሩ፤ ቴክሳስ ደግሞ በኖቬምበር 2021 በሕዝብ ድምፅ ሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስገባችው። ለእርስዎም የምለው ይህንኑ ነው። በቤቱ መዝገብ ላይ «ልጅ፣ ትጠይቃለች» ተብለው አይቀመጡ። በየሦስት ወሩ የእንክብካቤ እቅዱ የሚከለስበት ኬር ፕላን ሚቲንግ አለ፤ ክብደት ስለቀነሱ አሁኑኑ ይጠራልኝ ማለት ይችላሉ። እዚያ «እራት በልጅ ይበላል» የሚል ይጻፍ። ከተጻፈ በኋላ እርስዎን መከልከል እንግዳን መመለስ ሳይሆን እቅዱን አለመፈጸም ነው፤ ይህን ኃላፊዎቹ በደንብ ይረዱታል።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ ስለ ፍርሃትዎ። ፍርሃቱ ልክ ነው፤ የሚያዋጣው እሱን ወደ ሥራ መለወጥ ነው። ኤን-95 ማስክ ያድርጉ፤ ከአፍንጫው ላይ ያለችውን ሽቦ በሁለት እጅ ጫን፣ ከዚያ ተንፍሰው በጎን አየር ካመለጠ አልገጠመም። ከመግባትዎ በፊት ውጪ ይብሉ፣ ውሃም ይጠጡ፤ ክፍል ውስጥ አብሮ መብላት ማለት ማስክ ማውለቅ ነው። ቀጥ ብለው ወደ እናትዎ ክፍል፣ ቀጥ ብለው ወደ ውጪ። ኮሪደር ላይ የሌሎቹን እናቶች ጉንጭ መሳም ለአሁኑ ይቅር፤ እንደሚከብድዎ አውቃለሁ። ጉሮሮዎን ከከረከረዎት፣ ትኩሳት ከተሰማዎት፣ በዚያ ቀን አይሂዱ። ኮቪድ ከተገኘብዎት 10 ቀን ይቆዩ። የቤት መመርመሪያው «የለም» ቢልም ያ ማስክ የሚያስወልቅ ማረጋገጫ አይደለም።

እናትዎ ራሳቸው ቢያዙስ? ያኔም መግባት ይቻላል፤ ጋውን፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ ይጨመራል። ሲለብሱ ሁሉም ጎበዝ ነው፤ ሰው የሚሳሳተው ሲያወልቅ ነው። ጓንት መጀመሪያ፣ ከዚያ የዓይኑ፣ ከዚያ ጋውኑ ከውስጥ ወደ ውጪ እየተገለበጠ፤ ማስኩ መጨረሻ፣ ከክፍሉ ከወጡ በኋላ። እጅዎ ማስኩን ከመንካቱ በፊትም ከነካ በኋላም ይታጠባል። ነርሷን «አንዴ አሳይተሽኝ እኔ ፊትሽ ልሥራው» ይበሏት። ያን ካየች በኋላ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ እርስዎ የምትከራከረው እሷ ናት። ክፍሉን ከሌላ ሰው ጋር የሚጋሩ ከሆነ ግን ያቺም ሴት መብት አላት፤ ደካማ ከሆነች ሌላ ባዶ ክፍል እንዲሰጡዎት ይጠይቁ።

ማስኩ አንድ ችግር ያመጣል፤ የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ከአፍንጫ በታች ከተሸፈነ ላያውቅዎ ይችላል። ከበሩ ላይ ሆነው በቤት ስማቸው ይጥሯቸው፤ ልጅ ሳሉ የሚጠሩበት ስም ካለ በእሱ። ሁልጊዜ የሚለብሱትን አንድ ነጠላ ይልበሱ። በመስኮት በኩል ግን ብዙ አይጠብቁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ብርጭቆ ውስጥ የሚያየው አንዳንዴ የራሱን ጥላ ነው። ታብሌቱም እንዲሁ። አንድ ኢትዮጵያዊ አባት ነበሩን፤ በቪዲዮ የወንድማቸው ፊት ብቅ ሲል ዘመድ መጣ ብለው ከዊልቸራቸው ብድግ አሉ፣ ለሰላምታ። ትልቅ ሰው ተቀምጦ ሰላም አይልም። ባልይዛቸው ወድቀው ነበር። ስለዚህ የአዲስ አበባዎቹ እኅቶችዎ ይደውሉ፣ ግን እርስዎ አጠገባቸው እጃቸውን ይዘው ባሉበት ሰዓት፣ አንድ በአንድ፣ ለቅሷቸውንም ቀድመው ጨርሰው።

ከሁሉ ይልቅ ቤቱ የእርስዎን መግባት የሚፈልግበት ምክንያት ቋንቋው ነው፤ እነሱ ግን ይህን አያውቁም፣ ይንገሯቸው። አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፣ በስልክም ቢሆን፤ ነገር ግን አስተርጓሚ የሚነገረውን ነው የሚተረጉመው። አንድ ጊዜ የማታ ነርስ በአንዲት የእኛ እናት መዝገብ ላይ «በየመሐሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል» ብላ ጽፋ ደረስኩ። ኮቪድ ነው ተብሎ ኦክስጅን ሊጀመር ነው። ገብቼ «እማማ፣ ደህና አደሩ? እንቅልፍ ወሰደዎት?» ስል ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። ሕ። «አዎ» ማለታቸው ነበር! ለእኛ መልስ ነው፣ ለፈረንጅ ነርስ የሳንባ ምልክት። ደግሞም ረቡዕና ዓርብ ዶሮውን ሲገፉ «ምግብ እምቢ አሉ» ተብሎ ይጻፋል፤ የልጃቸው ስም ጠፍቶባቸው ጾሙ ያልጠፋባቸው ስንት እናቶች አሉ። እናትዎ 7 ፓውንድ የቀነሱባቸውን ቀናት ከዘመን መቁጠሪያው ጋር ያስተያዩ፤ ጾም ገብቶ ከሆነ ግማሹ መልስ እዚያ ነው። የምግብ ባለሙያዋ የጾም ሳህን ማዘዝ ትችላለች፤ ምስርም፣ ሩዝም፣ የኦቾሎኒ ቅቤም ኩሽናቸው ውስጥ አለ።

ስለ ጉርሻው አንድ ማሳሰቢያ። ከቤት እንጀራ ይዘው ከመሄድዎ በፊት ምግባቸው ምን ዓይነት ተብሎ እንደታዘዘ ይጠይቁ። የመዋጥ ችግር አለ ተብሎ የተፈጨ ከታዘዘ እንጀራ አደገኛ ነው፤ ከመዋጥ ባለሙያዋ ጋር ሳይነጋገሩ አይሞክሩት። ወፍራም አጥሚት ብዙ ጊዜ ያልፋል። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ጉርሻው ትንሽ ይሁን፣ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይቅረብ፤ «በሞቴ» እዚህ ቤት አይሠራም። ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኙ ይቆዩ።

አንድ ነገር ደግሞ እለምንዎታለሁ። እዚያ ፎቅ ላይ የሀበሻ ሲኤንኤ መኖሯ አይቀርም። «ልጄ፣ አንዴ ብቻ በኋላ በር አስገቢኝ» አይበሏት። እምቢ ማለት ያቅታታል፤ ከተያዘችም ሥራዋም ሰርተፊኬቷም ያልቃል። ይልቅ እማማ ዛሬ ስንት ማንኪያ በሉ ብለው ይጠይቋት፤ እውነተኛው መዝገብ እሷ ጋ ነው።

በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ካላገኙ ወደ ኦምቡድስማን ይደውሉ። በአገራችን አጠራር እንባ ጠባቂ የምንለው ነው፤ በየስቴቱ አለ፣ አገልግሎቱ ነጻ ነው፣ ስልኩም በየነርሲንግ ሆሙ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ግዴታ ነው። እርስዎ መግባት ካልቻሉ ያቺው ሲኤንኤ ታነብልዎታለች፤ ይህ ማንንም አያስቀጣም። አብዛኛው ጉዳይ እዚያው በአንድ ስልክ ያልቃል። ካላለቀ በሜሪላንድ ቅሬታ የሚቀበለው የስቴቱ የጤና አገልግሎት ጥራት ቢሮ ነው፤ ገብቶ የመመርመር ሥልጣን አለው። ግን ከኢሜይሉ በፊት እዚያ አይሂዱ፤ መርማሪው መጀመሪያ የሚጠይቅዎ «ምን ብለው ጻፉላቸው? ምን መለሱልዎ?» ብሎ ነው።

በመጨረሻ፣ በጥያቄዎ ውስጥ የለም ግን ሁሉም ሰው ስለሚጠይቀኝ፦ ቡና። ዕጣንና ከሰል በፍጹም፤ በአቅራቢያው ኦክስጅን የሚወስድ ሰው ካለ እሳቱ በቅጽበት ይቀጣጠላል። ቡናውን ቤት ቆልተው፣ አፍልተው በቴርሞስ ይዘው ይሂዱ። ባዶ ጀበናም ይያዙ፣ ከዚያው ገልብጠው ከፊታቸው ይቅዱ። ፈሳሽ እንዲወፍር ከታዘዘላቸው ነርሷ ማወፈሪያውን ትጨምርበታለች፤ መልኩ ያስጠላል፣ ሽታው ግን ያው ነው። ሲኒውን ራሳቸው ይያዙት፣ ለብ ካለ በኋላ።